ያረጀ ውሻ ምግቡን ሲተው፦ ሳህኑን ከመቀየር በፊት ውሻውን ማየት

ጥያቄው

ጠያቂዋ በአንድ የውይይት ክር (ጥያቄና ምላሾች ተከታትለው የሚጻፉበት ገጽ) ላይ ያሰፈረችው አጭር ነው። የ12 ዓመት ወንድ ውሻ፣ 20 ኪሎ። ካለፉት አራት ቀናት ወዲህ ደረቅ ምግቡን ጠጋ ብሎ ያሸትና ጥሎት ይሄዳል። የተቀቀለ ዶሮ በእጅ ሲሰጠው ይቀበላል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ጭራውንም ይቆላል። ለመገጣጠሚያ ሕመሙ ሜሎክሲካም ይወስዳል። እርጅና መራጭ አድርጎታል ብላ ደምድማለች፤ የምትፈልገውም ለሽማግሌ ውሻ የሚስማማ ምግብ እንዲጠቁሟት ነው።

18 ምላሾች ተከተሏት። ከመካከላቸው የውሻ ሕይወት ሊያተርፉ የሚችሉ አሉ፤ አንድ ሁለቱ ደግሞ ሰው አምኖ ቢሠራባቸው ጉዳት ያመጣሉ። ስለዚህ በተራቸው፣ ከነእርማታቸው አስፍሬያቸዋለሁ።

ምላሽ 1

የመጀመሪያው መላሽ በትሕትና ጀመረ፤ ነገር ግን የጥያቄውን መሠረት ነቀነቀው። ዕድሜ ብቻውን ምግብ አያስተውም። ሽማግሌ ውሻ እንቅስቃሴው ስለሚቀንስ የሚበላውም በመጠኑ ሊቀንስ ይችላል፤ ከሳህን ፊቱን አዙሮ መሄድ ግን ከጀርባው ምክንያት አለው። ስለዚህ ሌላ ምግብ ከመግዛቷ በፊት ሳህኑን አስቀምጣ ለሁለት ደቂቃ ዝም ብላ እንድታየው ጠየቃት። እየጓጓ መጥቶ ፍሬውን በአፉ ካነሳ በኋላ ከጣለው ወይም በአንድ ጎን ብቻ ካላመጠ፣ መብላት እየፈለገ አፉን ያመዋል ማለት ነው። አሽትቶ ከንፈሩን ደጋግሞ ከላሰ፣ ምራቁን ከዋጠ፣ ለሃጩ ከተዝረከረከና አንገቱን ካዞረ ያቅለሸልሸዋል። ጭራሽ ከተኛበት ካልተነሳ ነገሩ ከአፍና ከሆድ አልፎ ሄዷል፦ ትኩሳት፣ የልብ ችግር፣ ደም ማነስ ወይም ሌላ ቦታ ያለ ሕመም ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሦስቱ ለየቅል ሕክምና ይሻሉ፤ የምግብ ዓይነት መቀየር ግን አንዳቸውንም አይፈውስም። ከዚህ ክር አንድ ምላሽ ብቻ የማንበብ ጊዜ ያለው ሰው ይህችን ቢያነብ እመርጣለሁ።

ምላሽ 2

ቀጣይዋ በዚሁ ተስማምታ ወደ ጥርስ ገባች። ጠንካራውን ትቶ ለስላሳውን የሚቀበል ውሻ ሁሉ የጥርስ ሕመምተኛ ባይሆንም፣ መጀመሪያ መታየት ያለበት አፉ ነው ባይ ናት። አፉን በግድ መክፈት አያስፈልግም፤ ጣትን በጥርስ መሐል ማስገባትም አደገኛ ነው። ከጎኑ ተቀምጦ የላይኛውን ከንፈር ወደ ላይና ወደ ኋላ ገለጥ ማድረግ ይበቃል። የሚፈለገው ከላይ በጉንጩ በኩል ያለው ትልቁ ጥርስ፣ አራተኛው ቅድመ መንጋጋ ነው። የሚሰነጠቀው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው፤ ሥሩ መግል ሲይዝ ደግሞ እብጠቱ ከዓይን በታች ይወጣል። ብዙዎች የዓይን ሕመም ነው ብለው ጠብታ የሚያደርጉበት ለዚህ ነው። ሁለቱን ጎን ማወዳደር ያስፈልጋል፤ የሚታመመው ጎን ስለማያላምጥበት ቆሻሻ ይበዛበታል። የፊት ጥርሶቹ ነጭ መሆናቸው ምንም ማረጋገጫ አይሆንም። ሐኪሙም ቢሆን ከድድ በታች ያለውን የሚያውቀው በማደንዘዣ አስተኝቶ ራጅ ሲያነሳ ነው።

ምላሽ 3

አጭር ምክር፦ የማሽተት አቅም ከዕድሜ ጋር ስለሚደክም ምግቡን ማሞቅ። ደረቁን በሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውኃ አርሶ ለአሥር ደቂቃ መተው፣ እርጥቡን ደግሞ እስከ ሰውነት ሙቀት፣ ማለትም 37 ወይም 38 ዲግሪ ድረስ ማሞቅ። በማይክሮዌቭ ከሆነ አንዱ ቦታ ለብ ብሎ ሌላው ሊያቃጥል ስለሚችል በደንብ አማስሎ በጣት መፈተን ያስፈልጋል። አንዴ ምላሱን ያቃጠለው ውሻ ያንን ምግብ እንደገና ላይቀርበው ይችላል። በዚሁ ላይ የሾርባ ኩብ የተበጠበጠበት መረቅ ጠብ ቢደረግበት ጥሩ ነው ሲል ጨመረበት።

ምላሽ 4

ይህችኛዋ የኩቡን ነገር ወዲያው አረመች፤ ማረሟም ግድ ነበር። የሾርባ ኩብ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ከዚያም ብዙ ጨው ይዟል፤ ሁለቱ ሽንኩርቶች የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ይሰብራሉ፣ መቀቀልም ሆነ ማድረቅ ይህን አያጠፋውም። መረቅ ከተፈለገ ሥጋውን በባዶ ውኃ ቀቅሎ፣ አቀዝቅዞ፣ ከላይ የረጋውን ስብ ገፎ መጠቀም ነው። ስቡ የሚገፈፈው ቆሽት እንዳይቆጣ ነው። ዘቢብና ወይን፣ ቸኮሌት፣ የተቀቀለ አጥንት፣ ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ የገባበት የለውዝ ቅቤ፦ ይብላ እንጂ ምንም ይሁን በሚል ጭንቀት ውስጥ ሆነው ሰዎች የሚሰጧቸው እነዚህን ነው።

ምላሽ 5

እዚህ ላይ የክሩ ድምፅ ተለወጠ። አምስተኛው መላሽ ሁሉም ነገሩን እያካበዱት እንደሆነ፣ ውሻው በዶሮ እንደተሞላቀቀ ተናገረ። መድኃኒቱም ሳህኑን ለ15 ደቂቃ አስቀምጦ ማንሳት፣ እስከሚቀጥለው ሰዓት ምንም አለመስጠት፤ በሦስተኛው ቀን ራሱ ይበላል።

ምላሽ 6

መልሱ ቁጣ የተቀላቀለበት ነበር። የ15 ደቂቃው ዘዴ ለጤናማ፣ ለወጣት፣ ሁልጊዜም ቀብጠኛ ለነበረ ውሻ ሊሠራ ይችላል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳህኑን ሲልስ ኖሮ ድንገት የተወ ውሻ ግን እየቀበጠ አይደለም። በሽማግሌ ውሻ ላይ የረሃብ ፈተና መሞከር ማለት ያለችውን ጡንቻ ማስበላት ነው፤ የሄደው ጡንቻ በዚያ ዕድሜ በቀላሉ አይመለስም። ወሰኑንም በግልጽ አስቀመጠው፦ 24 ሰዓት ሙሉ ምንም ካልበላ ለሐኪም መደወል፣ 48 ሰዓት ሳይሞላ ማሳየት። በከፊል የሚበላ ከሆነ ሚዛኑ ይወስናል። ከ20 ኪሎ ላይ አንድ ኪሎ 5 በመቶ ነው፣ ያሳስባል፤ ሁለት ኪሎ 10 በመቶ ነው፣ ከባድ ነው። ሚዛን የሌለው ሰው በእጁ ይዳስስ፦ የጀርባ አጥንቱ ግራና ቀኝ፣ ከዓይኑ በላይ ያለው ሰርጓዳ፣ የታፋው ስፋት። ፀጉር የሚሸፍነውን መክሳት እጅ ያገኘዋል።

ምላሽ 7

አምስተኛው ተመልሶ መጣና ሐኪሞች ለትንሽ ነገር ሁሉ ምርመራ እንደሚያዝዙ ጻፈ፤ ለተነሳው ነጥብ መልስ አልሰጠም። አልፌዋለሁ።

ምላሽ 8

ሰዉ ሲከራከር ዓይኑን ከጥያቄው ላይ ያላነሳ አንድ ሰው ነበር። ሜሎክሲካሙን ማንም እንዳላየው አሳሰበ። እንዲህ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ጨጓራን ሊያቆስሉ ይችላሉ፤ ምግብ መተው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ምልክት ነው፣ ትውከትና እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ስለዚህ ውሻው መብላት ካቆመ የሚቀጥለውን መጠን አለመስጠትና የዚያኑ ዕለት ሐኪሙን መጠየቅ ነው። ፕሬድኒሶሎን ከተባለው ስቴሮይድ ጋር ፈጽሞ አይሰጥም። ሕመሙን ለማስታገስ ተብሎ የሰው ኢቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክ ወይም ፓራሲታሞል መስጠት ውሻ ሊገድል ይችላል።

ከዚያ አልፎ የሌሎች መድኃኒቶችንም ነገረን። ሜትሮኒዳዞል በጣም መራራ ስለሆነ ምግብ ውስጥ ከተደበቀ ውሻው ምግቡን ራሱን ይጠላል። ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቆይቶ በአንዴ አይቋረጥም። የኩሺንግ በሽታ (ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን ሲበዛ የሚመጣ) ያለበት ውሻ ሆዳም ነው፤ ለዚሁ በሽታ የሚሰጠውን ትሪሎስታን እየወሰደ መብላት ካቆመ መድኃኒቱ በዝቶበት ሊሆን ስለሚችል መጠኑን አቁሞ ወዲያው መደወል ያስፈልጋል። ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው።

ምላሽ 9

የስኳር በሽታ ያለበት ውሻ ስለተረሳ አንዲት ሴት ጨመረችው። ምግቡን ላልበላ ውሻ የተለመደውን ኢንሱሊን ሙሉውን መውጋት ስኳሩን ያወርደዋል፦ ይደክማል፣ ይንገዳገዳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱን ሊስት ይችላል። ከመውጋት በፊት መደወል ነው። ምልክቱ ከታየ ማር ወይም ሽሮፕ ድዱ ላይ መቀባት፣ ከዚያ ወደ ሕክምና መሮጥ። በሌላ በኩል አልበላም ብሎ ኢንሱሊኑን ለቀናት መተውም ደም ውስጥ ኬቶን፣ ማለትም ስብ ሲቃጠል የሚወጣ አሲድ፣ እንዲጠራቀም ያደርጋል፤ እሱም በትውከትና በመዛል ይመጣል።

ምላሽ 10

የክሩ በጣም ጠቃሚ ሒሳብ እዚህ ነው። መላሹ አልበላም ወይም ትንሽ በላ የሚባለው በቁጥር ካልሆነ ለማንም እንደማይጠቅም አስረዳ። ውሻ ተኝቶ ቢውል እንኳ የሚያስፈልገው ኃይል እንዲህ ይሰላል፦ የኪሎ ክብደቱን ሦስት ጊዜ ጽፎ እርስ በርሱ ማባዛት፣ የካሬ ሥር ቁልፍን ሁለት ጊዜ መጫን፣ ውጤቱን በ70 ማባዛት። ለጠያቂዋ ውሻ 20 ጊዜ 20 ጊዜ 20 ስምንት ሺህ ነው፤ ሁለት ጊዜ ካሬ ሥር ሲወጣለት 9.46 ገደማ፤ በ70 ሲባዛ ወደ 660 ኪሎ ካሎሪ። የደረቅ ምግቡ ከረጢት በ100 ግራም 370 ኪሎ ካሎሪ ካለ፣ በቀን ወደ 180 ግራም ይሆናል። ሳህኑ ጠዋት ሲሞላ ይመዘናል፣ ማታ የተረፈው ይመዘናል፣ ልዩነቱ ይጻፋል። ምግቡ በውኃ የራሰ ከሆነ የውኃው ክብደት እንዳያሳስት ከመራሱ በፊት ያለውን መያዝ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የዶሮውን ሒሳብ አሳየ። 100 ግራም የተቀቀለ የዶሮ ደረት ሥጋ 165 ኪሎ ካሎሪ አካባቢ ነው። በቀን 150 ግራም በእጅ የሚጎርስ ውሻ ወደ 250 ያገኛል፣ የሚያስፈልገውን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ዶሮማ ይበላል ተብሎ የሚዘናጉት እዚህ ላይ ነው። ሥጋ ብቻውን ካልሲየም ስለሚጎድለው ከጥቂት ቀናት በላይም አይዘለቅበትም።

ምላሽ 11

ሒሳቡ ትክክል ሆኖ አንድ ማስጠንቀቂያ ይጎድለዋል ያለ መላሽ ነበር። ለብዙ ቀናት ምንም ሳይበላ የቆየ ውሻ በአንድ ጊዜ ሙሉ መጠን ቢሰጠው ደሙ ውስጥ ያለው ፎስፈረስና ፖታሲየም በድንገት ይወርዳል፤ ይህ ሊገድል ይችላል። በመጀመሪያው ቀን ሩቡን ወይም ሲሶውን፣ ከዚያ በሦስት አራት ቀን ውስጥ እየጨመሩ መድረስ፣ እሱም በሐኪም ክትትል።

ምላሽ 12

ውኃ ይጠጣል የሚለው ቃል ያሳሰባት ሴት ምን ያህል ብላ ጠየቀች። አለካኩ ቀላል ነው፦ ጠዋት በልኬት ሞልቶ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ የተጨመረውን ደምሮ፣ የቀረውን መቀነስ። በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ100 ሚሊ ሊትር ካለፈ በዝቷል፤ ለዚህ ውሻ ሁለት ሊትር መሆኑ ነው። ብዙ እየጠጣ ትንሽ የሚበላ ሽማግሌ ውሻ ኩላሊቱ መታየት አለበት። ደም ሲቀዳ የኩላሊትን አሠራር የሚያሳዩት ክሬአቲኒንና ኤስዲኤምኤ፣ እንዲሁም ፎስፈረስ ይታያሉ፤ ሽንቱ ደግሞ ምን ያህል የመቅጠን ወይም የመወፈር አቅም እንዳለው፣ ፕሮቲንም እንዳለበት። ያለ ሽንት ምርመራ ደሙ ብቻውን ግማሽ ታሪክ ነው። ያልተመከነች ሴት ውሻ ከሆነች፣ ወንድ ከፈለገችበት ወቅት በኋላ ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ብዙ ጠጥታ ምግብ ከተወች ማህፀኗ መግል ይዞ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ቀን አይሰጥም።

የሷ ምርጥ ነጥብ ግን ስለ ኩላሊት ምግብ ነበር። ውሻው እያቅለሸለሸው ሳለ አዲሱን የሕክምና ምግብ ማቅረብ፣ ምግቡን ከማቅለሽለሽ ጋር እንዲያያይዘው ያደርጋል፣ በኋላ ሲሻለውም አይነካውም። መጀመሪያ ማቅለሽለሹ ይታከም፣ ከዚያ የሚወደውን ይብላ፣ የኩላሊቱ ምግብ በመጨረሻ እየተቀላቀለ ይግባ። ክኒንም በዋናው ሳህን ውስጥ አይደበቅ፤ ከምግብ ሰዓት ርቆ፣ በሌላ ቁራሽ ውስጥ ይሰጥ።

ምላሽ 13

አንዱ ሳህኑን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ መከረ። አንገቱን ወይም ክርኑን የሚያመው ውሻ ጎንበስ ሲል ስለሚያመው ጥቂት ጎርሶ ይተዋል፤ ወለሉ ለስላሳ ከሆነ የፊት እግሮቹ ይንሸራተቱና ሳህኑን ይፈራል። ከእግሩ በታች የማይንሸራተት ምንጣፍ ማንጠፍ፣ ሳህኑን እስከ ክርኑ ከፍታ ማንሳት።

ምላሽ 14

ሌላው ይህን አደገኛ ምክር ብሎ አጣጣለው። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት በትላልቅ ዝርያዎች ላይ ከፍ ያለ ሳህንን ከሆድ መነፋትና መጠምዘዝ ጋር እንዳገናኘው አስታወሰ። ሁለቱ በጥቂት ቃላት ተሻኮቱ። እኔ እንደማየው ሁለቱም ስለተለያየ ውሻ ነው የሚያወሩት፤ ጥናቱ ትላልቅና ግዙፍ ዝርያዎችን የሚመለከት ነው፤ ለነሱ አንገት ካመማቸው ተኝተው እንዲበሉ ሳህኑን በፊት እግሮቻቸው መሐል ማድረግ ይቻላል። ምንጣፉ ግን ለሁሉም ይጠቅማል።

ከጭቅጭቁ የተረፈው ቁም ነገር የድንገተኛ ምልክቶቹ ናቸው። ሆዱ ተነፍቶ ለማስመለስ እየታገለ ምንም የማይወጣለት፣ ድዱ የነጣ፣ ድንገት የወደቀ ውሻ እስከ ነገ አይቆይም። ድዱን በጣት ተጭኖ ሲለቁት ቀለሙ በሁለት ሰከንድ ውስጥ መመለስ አለበት። በሽማግሌ ውሻ የጣፊያ ዕጢ ደምቶ እንዲህ ሊጥል ይችላል፤ ከዚያ በፊት ለጥቂት ቀናት ምግብ መተው ብቻ ይታያል። ተኝቶ ሳለ በደቂቃ ከ30 በላይ የሚተነፍስ ከሆነም ልቡ ይታይ።

ምላሽ 15

ከዚህ በኋላ ወሬው ሸሸ። ስንት ዓመት የሞላው ውሻ ነው ሽማግሌ የሚባለው የሚል ክርክር ተነሳ፤ መላሹ ከሚጠበቀው ዕድሜ የመጨረሻው ሩብ መሆኑን፣ ግዙፍ ዝርያዎች በስድስትና በሰባት ዓመት እዚያ እንደሚደርሱ ገለጸ። ከዚያ ስለ ከረጢት፦ የተከፈተ ደረቅ ምግብ ስቡ ስለሚበላሽ በስድስት ሳምንት ገደማ ማለቅ አለበት፤ በፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከመገልበጥ ከነከረጢቱ ማስቀመጥ ይሻላል፣ በዕቃው ግድግዳ ላይ የቀረው አሮጌ ስብ አዲሱን ያበላሸዋልና። ሰው የማይሸተው ለውሻ ይሸታል።

ምላሽ 16

አንዲት መላሽ በመርፌ አልባ ሲሪንጅ ምግብ አፉ ውስጥ መጨመርን አነሳች።

ምላሽ 17

ለዚህ የመጣው መልስ ስለታም ነበር፤ ስለታምነቱም ይገባው ነበር። በግድ የሚጎርስ ደካማ ውሻ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፣ ከዚያ የሚመጣው የሳንባ ምች ከረሃቡ ይብሳል። በዚያ ላይ ውሻው ምግብንም የምታጎርሰውን እጅም ይጠላል። ለረጅም ጊዜ መብላት ለማይችል ውሻ በአንገት በኩል የሚገባ የምግብ ቱቦ አለ፤ ለሳምንታት ይቆያል፣ መድኃኒትም በዚያው ያልፋል።

የምግብ ፍላጎት የሚቀሰቅሱ መድኃኒቶችንም አብራራ። ካፕሮሞረሊን እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ ለውሻ ተፈቅዷል፣ በቀን አንድ ጊዜ በኪሎ 3 ሚሊ ግራም በአፍ ይሰጣል። ሚርታዛፒንም ይታዘዛል። ማሮፒታንት ትውከትን በደንብ ያቆማል፤ ማቅለሽለሽን ሁልጊዜ ላያጠፋ ስለሚችል ማስመለስ ማቆሙ ብቻ ተሻለው አያሰኝም። ሁሉም የሚሰጡት ምክንያቱ ከታወቀ ወይም እየተፈለገ ሳለ ነው። የታመመ ጥርስ ላይ የረሃብ ስሜት መጨመር፣ ርቦት መብላት ያቃተው ውሻ መፍጠር ነው።

ጨርሶ አእምሮው የደከመውን ውሻ ያነሳውም እሱ ብቻ ነው። ሳህኑ ፊት ቆሞ የሚፈዝ፣ ሌሊት የሚንከራተት፣ ጥግ ላይ ሄዶ የሚቀር ውሻ መብላት መጀመሩን ይረሳል። ለሱ ሁልጊዜ አንድ ቦታ፣ አንድ ሰዓት፣ ከወለሉ ቀለም የሚለይ ሳህን፤ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ቢሰጠው ቀሪውን ራሱ ይቀጥላል።

ምላሽ 18

ጠያቂዋ ከሐኪም ተመልሳ ውጤቱን አሰፈረች። ክብደቱ 18.8፤ በመቶ 6 ወርዷል። በግራ በኩል የላይኛው አራተኛ ቅድመ መንጋጋ ተሰንጥቆ ሥሩ መግል ይዟል። ክሬአቲኒኑ በመጠኑ ከፍ ስላለ ሜሎክሲካሙ ቆሟል፣ በምትኩ ጋባፔንቲን ታዟል። በማደንዘዣው ወቅት ኩላሊቱን ለመጠበቅ በደም ሥር ፈሳሽ ይሰጠዋል ብላ ጽፋ፣ ጥርሱ ከተነቀለ በኋላ ምን እንደምታበላው ጠየቀች።

የጥርሷ መላሽ፣ ማለትም ሁለተኛዋ፣ በዚያው ምላሽ ሥር አጠር አድርጋ አከለችበት። ፈሳሹን ሐኪሙ እንደ ደሙ ውጤት ስለሚመርጠው ስለሱ አትጨነቅ። ከነቀላው በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ለስላሳ ምግብ፣ ለብ ብሎ፣ በትንሽ በትንሹ በቀን አራት ጊዜ፤ የሚጎተትና የሚታኘክ መጫወቻ ሁሉ ይነሳ። የሚበላው በግራም እየተጻፈ ይቀጥል። ጋባፔንቲኑን በተመለከተ ደግሞ፣ ለሰው የተዘጋጀው ፈሳሽ ዛይሊቶል ሊኖርበት ስለሚችል ፋርማሲው ካፕሱሉን እንዲሰጣት፣ ፈሳሽ ብቻ ካለ የተጻፈበትን ሳታነብ አንድ ጠብታ እንዳትሰጠው።